በቁሙ የተለቀሰለት ሰው

እናትህን ያለቀስክላት መቼ ነው? የሞተችበትን ቀን አልጠየቅኩህም፤ እሱን እንደማታውቀው አውቃለሁ። የጠየቅኩህ አዳራሽ ተይዞ፣ ፎቶዋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ከአርብ እስከ እሁድ ፍራሽ ላይ የተቀመጥክበትን ቀን ነው። በዚያ ሰዓት እናትህ ከከተማው አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ፣ በማታውቀው ክፍል፣ በማታውቀው ሰው እጅ ገንፎ ትጎርስ ነበር።

አትቆጣ። እኔም የእናቴን ልቅሶ በ2079 ተቀምጫለሁ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖራለች። መሞቷን ያነበብኩት ሊፍት ውስጥ ነው፣ በአንድ መስመር መልእክት። በሩ ሲከፈት ጎረቤቴ “ደህና አደርክ?” አለኝ፤ “ደህና” አልኩት።

ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ጋሽ ኪሩቤል አንዱዓለም ነው። የሰማንያ ዓመት ሰው ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ህንፃ ሠላሳ አንድ፣ ዘጠነኛ ፎቅ። የህንፃችን እድር ዳኛ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሏል። ልቅሶ ላይ ከእሱ ቀድሞ የደረሰ ሰው አልነበረም። ወንበር የሚያስደረድረው፣ ንፍሮው መድረሱን የሚያየው፣ ሐዘንተኛው አጠገብ ቁጭ ብሎ ምንም ሳይናገር የሚቆየው እሱ ነበር። አፉን ከመክፈት እጅ መያዝ ይቀለው ነበር።

ደንቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ግን እዩት። “አንድ አባል በመርሳት በሽታ ምክንያት ወደ መጦሪያ መንደር ሲገባ፣ እድሩ ልቅሶውን በመግቢያው ቀን ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ሌላ ልቅሶ የለም።” ይኸው ነው። የወጣው በ2061 ነው። ከዚያ በፊት ሰው አባቱን ወደ መንደር የሚወስደው ተደብቆ ነበር፤ ሲጠየቅ “ገጠር ዘመድ ጋ ነው” ይላል፤ ጎረቤት ደግሞ ያወራል። ደንቡ ሐሜቱን ገደለው። ከተለቀሰለት በኋላ ማን ማንን ይወቅሳል? ደግሞም ይመቻል። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ መግቢያ ግን ይሰጣል። ልጆች ከሥራቸው ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ከሩቅ የሚመጣውም ይደርሳል፣ ሰኞ ሁሉም ቢሮው ነው። “ነፍስ ይማር” ማለት እንደማይሆን የገባቸው አዋቂዎቻችን አዲስ ቃል አበጁ። “ማረፊያውን ያሳምርለት” እንላለን። አንዳችንም ስንለው አላፈርንም።

ጋሽ ኪሩቤልን መልአክ ላደርገው አልተነሳሁም። ደንቡ ሲጸድቅ ዳኛው እሱ ነበር። ፈርሞበታል። ለሠላሳ አራት ሰው በቁማቸው አስለቅሷል፤ በሠላሳ አራቱም ላይ ወንበር ደርድሯል።

ከሦስት ዓመት በፊት መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የጠፋበት የልጁ የይልቃል ስም ነው፤ ይልቃል ሐዋሳ ነው የሚኖረው፣ ስሙን መርሳት አያስደንቅም። ቀጥሎ ቀኑ ጠፋበት፣ ከዚያ ሚስቱ መሞቷ ጠፋበት፣ ከዚያ አብራው የምትኖረው ሴት ልጁ ውባለም ማን እንደሆነች ጠፋበት። ልቅሶ ግን አልጠፋበትም። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቶ ጋቢውን ትከሻው ላይ ያደርግና ይወጣል። ያገኘውን በር በጣቱ በቀስታ ያንኳኳል።

“ልቅሶው እዚህ ነው?”

“የለም ጋሼ፣ እዚህ ሁሉ ደህና ነው።”

“ይቅርታ። ታዲያ የማን ቤት ነው?”

ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል። በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ ቤት አንኳኩቷል። ውባለም የብርድ ልብስ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ናት፤ እሱን ከስምንተኛ፣ ከሰባተኛ፣ ከአራተኛ ፎቅ ሰብስባ፣ ቁርስ አብልታ፣ በር ዘግታበት ትሄዳለች። በሩን የሚከፍተው እንዴት እንደሆነ እስከዛሬ አላወቀችም።

ወደ እድሩ የጎረቤት ደብዳቤ መጣ። አራት ነበር፤ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። አንዱ “አቶ ኪሩቤል ጤነኛ ሰው ቤት እየመጣ ልቅሶ ይጠይቃል፣ ይህ በልጆቻችን ላይ ሟርት ነው” ይላል። የጻፈው ሰው የአባቱ ልቅሶ ጊዜ ጋሽ ኪሩቤል ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቡ የተቀመጠለት ነው። ቀድሞ ይደርሳል ብለው ሠላሳ ዓመት ያመሰገኑት ሰዎች፣ አሁንም ቀድሞ ሲደርስ አቤቱታ ጻፉ።

ዘመድ ተሰበሰበ። እዚሁ ህንፃ የምትኖረው የጋሽ ኪሩቤል ታናሽ እህት እትዬ ሜላት መጣች፤ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ይልቃል ከሐዋሳ በስክሪን ገባ።

“አንቺ ራስሽን ጨረስሽ” አለች እትዬ ሜላት። “እሱ እንደሆነ ከሄደ ቆይቷል።”

“የት ሄደ እትዬ? ወጥ ቤት ነው።”

“አፈኛ። የምልሽን ታውቂዋለሽ።”

“እኔ በበኩሌ አርብ ቢሆን” አለ ይልቃል። “ሰኞ መግባት አለብኝ።”

“ምኑ ነው አርብ የሚሆነው?”

“ልቅሶው ነዋ ውቤ። ምን ታስጨንቂኛለሽ?”

ውባለም ተስማማች። ይህን አልደብቅላትም፤ እሷም አትደብቅም። ደክሟት ነበር። አንድ ሌሊት ሳትነሳ መተኛት አማራት፤ ይህን የሚፈልግ ሰው ላይ እኔ አልፈርድም። የምፈርደው ከዚያ በኋላ ባደረግነው ላይ ነው።

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመንደሩ መኪና መጥቶ ሊወስደው፣ ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሊከፈት ነበር። መኪናው ዘገየ። አዳራሹ ግን በሰዓቱ ተከፈተ፣ ምክንያቱም ያሁኑ ዳኛችን ጋሽ ናኦድ ሰዓት አክባሪ ናቸው። ጥሪው በየፎቁ ኮሪደር ተሰማ። “የህንፃ ሠላሳ አንድ እድር አባላት፣ ልቅሶ ስላለ ወደ ምድር ቤት አዳራሽ እንድትመጡ።” በሃያውም ፎቅ ተሰማ፤ ዘጠነኛውም ላይ። ዘጠነኛውን ፎቅ ብቻ ዝም ማሰኘት እንደሚያስፈልግ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ከመቼ ወዲህ ነው የሚለቀስለት ሰው ጥሪ የሚሰማው?

ጋሽ ኪሩቤል ለሦስት ዓመት ሲፈልገው የነበረውን ልቅሶ በመጨረሻ አገኘው።

እኔ ግራ በኩል ነበርኩ። ጋቢውን አስተካክሎ፣ ኮፍያውን አውልቆ ገባ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እሱን ጸጥታው አልገረመውም፤ ልቅሶ ነው፣ ጸጥ ይላል። ሐዘንተኛዋን በዓይኑ ፈለገ፤ ፊት የተቀመጠችውን ውባለምን አገኘ። ሄዶ ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

“እግዜር ያጽናሽ ልጄ።”



ፎቶውን ተመለከተ። ረዘም አድርጎ ተመለከተ።

“ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ” አለ። “የእድራችን ሰው ነው አይደል ናኦድ?”

“ነበሩ ጋሼ” አሉ ጋሽ ናኦድ።

“ምን ሆኖ?”

ያን ያህል ሰው የተቀመጠበት አዳራሽ ነው። ሁሉም ወደ እትዬ ሜላት ዞረ። እሷም መሬት መሬት እያየች “ታሞ ነው” አለች።

“አስታመማችሁት?”

“አስታመምነው።”

“እንግዲህ ያስታመመ ሰው አይቆጨው” አለ ለውባለም። ከዚያ ዞር ብሎ ኋላ በኩል የቆሙትን አየ። “ምነው ሰው ቆሞ ትተዋላችሁ? ወንበር የለም እንዴ?” ተነሳ። ሁለት ወንበር አንስቶ ወደ ኋላ ይዞ ሄደ፤ ለሦስተኛው ተመለሰ። ለራሱ ልቅሶ ወንበር ደረደረ፤ እኛም ተቀመጥንበት። እኔ የተቀመጥኩበትን ወንበር ያመጣው እሱ ነው። ጥግ ላይ ካርታ ይጫወቱ የነበሩት ካርታቸውን ጭናቸው ላይ ደፍተው ቆዩ፣ እሱ ካለፈ በኋላ ቀጠሉ።

የመንደሩ ሰዎች ደርሰው በሁለት በኩል ያዙት፣ በጨዋ ደንብ። በር ላይ ቆሞ ዞረ።

“ሳልቆይ በመሄዴ አዝናለሁ” አለ። “ሌላ ልቅሶ ሳይኖርብኝ አይቀርም።”

ወጣ። ጋሽ ናኦድ ጉሮሯቸውን ጠረጉና “ማረፊያውን ያሳምርለት” አሉ። “አሜን” አልን። ከዚያ ንፍሮው መጣ፤ በላን። ሦስቱን ቀን ጨረስን። ከዚህ በላይ ስለ ራሳችን የሚነገር ነገር አላውቅም።

ሰኞ ስሙ ከህንፃው መዝገብ ወጣ። በራችን የሚያውቀው እድሩ የመዘገበውን ሰው ነው፤ ሊፍቱም፣ ውሃውም፣ ማሞቂያውም እንደዚያው። እትዬ ሜላት ልብሱን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች። በኮሪደር ያገኙአት ሁሉ ውባለምን “እግዜር ያጽናሽ” ይሏታል፤ በሁለተኛው ሳምንት እሷም “ይመስገን” ማለት ጀመረች። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ሰው በአሥራ አራት ቀን ይለምደዋል።

አርባው ደረሰ። ዘመድ ጸበል ጸዲቅ ይዘጋጅ አለ። ውባለም በዚያ ቀን አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ መንደሩ ሄደች።

መንደሩን ልወቅስ አልፈልግም። ንጹሕ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ምግቡ ከብዙዎቻችን ቤት ይሻላል። የእንግዳ ክፍል አለው፤ ወንበሮቹ ከነፋብሪካ ላስቲካቸው ናቸው። ተረኛዋ ነርስ ሲስተር ፌቨን ትባላለች። ውባለም ልጠይቅ መጣሁ ስትላት፣ ዕቃ ልታስረክብ የመጣች መስሏት ፊርማ ጠየቀቻት።

“አባቴን ነው።”

“ተለቅሶላቸው የለም?”

“ተለቅሷል።”

“እንግዲያው…” አለችና ሲስተር ፌቨን የፊርማውን ወረቀት መልሳ ወሰደች። “ይቅርታ። ስድስት ዓመት እዚህ ስሠራ ከልቅሶ በኋላ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። በየት እንደማስገባሽ ላስብ።”

ጋሽ ኪሩቤል ሥራ ላይ ነበር። ከአልጋ አልጋ ይዞራል። እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ሐዘንተኛ መስሎታል፤ አልተሳሳተም። ያንዷን እጅ ይይዛል፣ ጥቂት ይቀመጣል፣ ይነሳል። ውባለም ጋ ሲደርስ አላወቃትም። ተቀመጠ።

“ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?”

ነገሩን ከእሷ አፍ ነው የሰማሁት። ልትዋሽ እንደፈለገች ነገረችኝ፤ ከዚያ ውሸቱ የቱ እንደሆነ ጠፋት።

“አባቴ” አለችው።

“ስንት ዓመቱ ነበር?”

“ሰማንያ።”

“ዕድሜስ ጠግቧል። አባት ግን አይጠገብም።” እጇን ያዘ። “ቀበራችሁት?”

“አልቀበርነውም።”

“ምን ትጠብቃላችሁ?”

ውባለም ተነስታ ወደ ሲስተር ፌቨን ሄደች። የመውጫ ቅጽ ጠየቀች። ቅጹ አለ፤ ተጠቅሞበት የሚያውቅ ሰው ግን ስላልነበረ ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባቷን ይዛ ህንፃ ሠላሳ አንድ በር ላይ ቆመች። በሩ ለእሷ ተከፈተ፤ እሱ ሲቀርብ ተዘጋ። የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ነፋስ ለማያውቅ አልነግረውም። ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ ናኦድ ወረዱ።

“ውባለም፣ ምን እያደረግሽ ነው?”

“አባቴን ቤቱ እያስገባሁ።”

“አባትሽን አልቅሰንላቸዋል።”

“ይኸው ቆሟል እኮ ጋሼ።”

“መቆማቸውን ማን ካደ? ተለቅሶላቸዋል ነው የምልሽ። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው።”

“እንግዲያው ልቅሶው ይነሳልኝ። መዝገቡ ላይ ይመለስ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። ነገ አቅቶኝ ወደ መንደሩ ብመልሰው እንኳ በሕይወት እንዳለ ሰው ይመለስ፤ እሁድ እሁድ እየሄድኩ ልጠይቀው።”

“ልቅሶ ተነስቶ ያውቃል? ደንቡንስ ያጸደቀው ማን ሆነና? ራሳቸው አይደሉም? ፊርማቸውን ላሳይሽ?”

“ፈራሚው ፊትዎ ነው። ይጠይቁታ።”

ጋሽ ኪሩቤል ናኦድን አይቶ ፊቱ በራ። “ናኦድ፣ ደህና ነህ? ማን ሞተ?”

ጋሽ ናኦድ ወደ ጎን ዞሩ። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ “ከዝንጀሮ ቆንጆ…” ብሎ ቀልድ ሊጀምር አስቦ ማንም እንዳልሳቀለት ሲያይ ተወው። ያን ጊዜ እትዬ ሜላት ከሊፍቱ ወጣች። ወንድሟን አየች፤ አልሳመችውም፣ አልሸሸችውምም። ወደ ጋሽ ናኦድ ዞረች።

“ናኦድ፣ እኔ ሰሞኑን ወጥ ላይ ጨው ሁለቴ እየጨመርኩ ነው።”

“ምን ለማለት ነው እቴቴ?”

“የኔን መቼ ይዛችሁታል? አርብ ነው?”

ጋሽ ናኦድ መዝገቡን አስመጡ። የሦስት ቀን የእንግዳ ፈቃድ ሰጡ። በመዝገቡ ላይ “የውባለም እንግዳ” ተብሎ ተጽፏል፤ በስሙ መጻፍ ደንቡ አይፈቅድም። ከሚስቱ ጋር የገዛው ቤት ውስጥ እስከ እሁድ ሦስት ሰዓት እንግዳ ነው። በዚያ ሰዓት ጠቅላላ ጉባኤው ይሰበሰባል። ወይ ልቅሶው ይነሳል፣ ወይ በሩ ይዘጋበታል።

ከጋሽ ናኦድ ጋር በሊፍት አብረን ወጣን። ለምን እንደፈሩ ጠየቅኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለን ነበር።

“ምን መሰለህ” አሉኝ። “በዚህ ህንፃ አርባ አንድ ቤት አልቅሷል። እሱን በሕይወት አለ ካልን፣ የአርባ አንዱም ቤት ሰው በዚያ ቀን በሕይወት ነበር ማለት ነው። ያንን ለሰው ማን ይነግራል?”

“ከአርባ አንዱ ዛሬ ስንቱ አለ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ?”

“ዳኛው እርስዎ አይደሉም?”

“መልእክት ሲመጣ እናነባለን። ካልመጣ አሉ።” ሊፍቱ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆመ። “እናቴ እዚያ ናት” አሉ ሲወርዱ። “ከገባች ሰባት ዓመቷ።” በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ህንፃው ሥራ በዝቶበታል። ኮሚቴው ነገሩን “በጥናት ይታይ” ለማለት ተዘጋጅቷል፤ ጥናቱ ስድስት ወር ይወስዳል፤ ሰውየው ግን ስድስት ወር ደጅ ላይ አይቆምም። የሰባተኛ ፎቅ ነዋሪዎች “የሟች ቤተሰብን ክብር ስለመጠበቅ” የሚል ጽሑፍ እያስፈረሙ ነው። ፈራሚዎቹን አየኋቸው። ከእነሱ መሐል አራቱ እናታቸው ያለችው መንደሩ ውስጥ፣ ከዚህ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ላይ ነው፤ ክብሩ የማን እንደሆነ አልገባኝም። አንድ መምህር ደግሞ ደረጃ ላይ አስቁሞኝ፣ ጉዳዩ ስሜታዊ ነው፣ ሕግ በስሜት አይሻርም አለኝ። ልቅሶ ላይ ደረቱን ሲመታ ያየሁት ሰው ነው። ያኔ ስሜቱ ለማን ነበር?

ጋሽ ኪሩቤል በዚህ ሁሉ መሐል ማለዳ ይነሳል። ውባለም አብራው ትወርዳለች። በር እንዲያንኳኳ አትፈቅድለትም፤ ደረጃው ላይ ይቀመጡና ሰው ሲያልፍ እሱ ሰላም ይላል። ትናንት ሁለት ሰው ሰላምታውን መለሰ። ሌላው በጎኑ አለፈ፤ የሞተ ሰው ሰላም አይልም ብሎ ይሆናል።

ስለዚህ እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ የምንፈልገው ይህ ነው። ጥናት አንፈልግም፣ በእጅ የሚዞር ወረቀት አንፈልግም፣ በር ተዘግቶ የሚደረግ ምክክር አንፈልግም። የአዳራሹ በር ይከፈት፤ የሌሎች ህንፃዎች ሰዎችም ይግቡ፤ በእነሱም አዳራሽ የሚደረገው ያው ነው። ጋሽ ኪሩቤል ከፊት ወንበር ይቀመጣል። ጋሽ ናኦድ ማይክራፎኑን ይያዙ፤ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ እሱ ይዙሩ፤ ዓይኑን እያዩ “ሞተዋል” ይበሉት። ለእኛ መንገር ቀላል ነው፣ እኛ ለምደነዋል። ለእሱ ይንገሩት። ይህን ማድረግ ካልቻሉ፣ በዚያው ማይክራፎን፣ በዚያው ሰዓት፣ ለአርባ አንዱ ቤት አንድ በአንድ ይመልሱ፦ የማን ልቅሶ ነው የተቀመጥነው?